የሕግ ዲግሪ ይዞ ሥራ መፈለግ፦ ከመውጫ ፈተና እስከ ጥብቅና ፈቃድ

ሕግ ጨርሶ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ላመልክት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው። ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ አለ። ክስ የሚያስጽፈኝ፣ መዝገብ የሚያስይዘኝ፣ ችሎት የሚያቆመኝ ቦታ የትኛው ነው? «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ አመልካቹ ለጉድ ነው። «2 ዓመት» ወይም «3 ዓመት» የሚለው ላይ ግን ሰልፉ ይሳሳል። አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግማ ይበልጥ ይሳሳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁን በደመወዙና በስሙ ሳይሆን በሚያስጽፋችሁ ነገር ምረጡ። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መመሪያው አራተኛና አምስተኛ ዓመት ላይ ላሉ ተማሪዎችና ገና ለተመረቁ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመመረቃችሁ በፊት

የመውጫ ፈተናውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ሕግ ከሌሎቹ የትምህርት ዘርፎች ቀድሞ ነው መውጫ ፈተና የጀመረው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሆኗል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የወደቀ ሰው ድጋሚ መፈተን ይችላል፤ እስኪያልፍ ግን ዲግሪው የለም። ለፈተናው ያዘጋጃችሁትን ማስታወሻ አትጣሉት። የባንክም የዐቃቤ ሕግም የቅጥር ፈተና የሚወጣው ከዚያው ከውል፣ ከወንጀል ሕግና ከሥነ ሥርዓት ነው።

ኤክስተርንሺፕ ላይ፣ ማለትም ተማሪ መሥሪያ ቤት ወጥቶ በሚሠራው የተግባር ልምምድ ላይ፣ አብዛኛው ተማሪ ለቤቱ የሚቀርበውን መሥሪያ ቤት ይመርጣል። ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ይህን ዕድል እንዲህ አታባክኑት። መዝገብ የሚበዛበት ቦታ ሂዱ፤ የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ወይም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ የሚከፈትበትና የሚደራጅበት ክፍል)። የሕግ ትምህርት ቤታችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ካለው ደግሞ እሱን የሚያክል የለም። እዚያ ቀለብ የተከለከለች እናት ትመጣለች። ደመወዙ የተያዘበት የቀን ሠራተኛ ይመጣል። ታሪካቸውን የሚነግሯችሁ በሕጉ ቅደም ተከተል አይደለም። ግማሽ ሰዓት ሰምታችሁ ለክሱ የሚጠቅመውን ሦስት መስመር ነቅሶ ማውጣት ክፍል ውስጥ አይገኝም።

ችሎት ግቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ክስ በግልጽ ችሎት ይሰማል ይላል፤ በዝግ እንዲሆን የተወሰነ ካልሆነ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ልደታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሂዱ። ጠዋት አንድ የፍትሐ ብሔር ችሎት፣ ሌላ ቀን አንድ የወንጀል ችሎት። ጠበቃው ዳኛውን እንዴት እንደሚያናግር፣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ዳኛው «ጥያቄው መሪ ነው» (መልሱን ለምስክሩ ይጠቁማል) ብሎ ሲያቆመው ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

ይህን በአጭሩ። ስትመረቁ የሚሰጣችሁ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪውና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ የሚለቀቀው ኮስት ሼሪንጉ ሲከፈል ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ቴምፖው ይበቃል። ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ማስታወቂያ አንዳንዴ የሚቆየው አምስት ቀን ብቻ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ከሌላችሁ አውጡ። ሲቪ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። «ሆቢ» የሚለውን አንሡትና በእሱ ፋንታ የጻፋችሁትን የመመረቂያ ጥናት ርዕስ፣ የሙት ኮርት (የተማሪዎች የልምምድ ችሎት) ተሳትፎ፣ በድጋፍ ማዕከሉ የሠራችሁትን የጉዳይ ዓይነት አስገቡ።

አንዳንድ ቀጣሪ በተለይ ባንክ ዋስ ይጠይቃል። ደመወዝተኛ ሆኖ ዋስ የሚሆን ሰው ከአሁኑ አነጋግሩ። ፈተና አልፎ ዋስ በማጣት ቀን ሲቆጥር የሚከርም ልጅ አይጠፋም።

ደረጃ 3፦ የሥራውን ቋንቋ ያዙ

ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በእኔ እምነት ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ሕግ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት የምንጽፈው በአማርኛ ነው። ኦሮሚያ ላይ በአፋን ኦሮሞ፣ ትግራይ ላይ በትግርኛ፣ ሶማሌ ክልል በሶማሊኛ። አምስት ዓመት ሙሉ አሳይመንት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የኖረ ተማሪ አንድ የክስ ማመልከቻ በአማርኛ ጻፍ ሲባል ብዕሩ ይያዝበታል። ቃሉን ያውቀዋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን አይመጣለትም። ከፍርድ ቤት አጥር ውጭ ወንበር ዘርግቶ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ይበልጠዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ብዙ አዲስ ተመራቂ የመጀመሪያ ክሱን አጻጻፍ የተማረው ከራፖር ጸሐፊ ጽሑፍ ነው።

መፍትሔው የሦስት ወር ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንደኛ፣ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ጎን ለጎን አንብቡ። ዐዋጁ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ላይ ይታተማል። በእንግሊዝኛ የምታውቁትን አንቀጽ በአማርኛው ዐምድ ፈልጉትና የራሳችሁን መዝገበ ቃላት ሥሩ። ሁለቱ ቅጂዎች ቢለያዩ ገዢው የአማርኛው መሆኑንም አትርሱ። አሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ቋንቋው ቀለል ይላል፤ ሥራም ላይ ቶሎ ይገጥማችኋል።

ሁለተኛ፣ የሰበር ውሳኔዎችን አንብቡ፤ ሰበር መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚታረምበት የመጨረሻው ችሎት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ በ1997 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 454 የገባ ሲሆን አሁን በዐዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀጥሏል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፤ በኢንተርኔትም ይገኛሉ። ችሎት ላይ የሰበር መዝገብ ቁጥር የማይጠቅስ ጠበቃ ባዶ እጁን እንደመጣ ይቆጠራል። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ላይ ብቻ፣ ማለትም የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት በሚለው ላይ፣ ሰበር ከአንድ ጊዜ በላይ ተመላልሶበታል። ውሳኔዎቹን በቅደም ተከተል አንብቡ። የሕግ ክርክር በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ይታያችኋል።

ሦስተኛ፣ ጻፉ። ልምምዱ እንዲህ ነው። አንድ የሰበር ውሳኔ ውሰዱ። መጀመሪያ ላይ ያለውን የጉዳዩን አመጣጥ ብቻ አንብቡና ዝጉት። ከዚያ የከሳሹን ክስ ራሳችሁ ጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 222 ክስ ምን ምን እንዲይዝ እንደሚያዝ ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 223 ደግሞ የማስረጃ ዝርዝሩን። በሚቀጥለው ቀን ተከሳሽ ሁናችሁ መልሱን ጻፉ። በአንቀጽ 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚሆን ነገር አለ? ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው ጊዜ፣ አልፏል? ከሳሹ መብት ወይም ጥቅም አለው? ከዚህ በኋላ ውሳኔውን ክፈቱና ፍርድ ቤቱ የያዘውን ጭብጥ (መወሰን ያለበትን አከራካሪ ነጥብ) ከእናንተው ጋር አስተያዩ። እንዲህ ዓይነት ዐሥር ክስና ዐሥር መልስ ያለው ሰው ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ የሚያሳየው ነገር አለው። ስም ቀይራችሁ ሁለቱን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጠበቃ ዲግሪያችሁን ከማየቱ በፊት እሱን ነው የሚያነበው።

በክልል ለመሥራት ያሰበ ይህንኑ በክልሉ የሥራ ቋንቋ ያድርገው። ሁለት ቋንቋ በደንብ የሚጽፍ የሕግ ባለሙያ ሥራ ሲያጣ አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደረጃ 4፦ በሮቹን አንድ በአንድ እወቁ

ዐቃቤ ሕግ። በፌዴራል ደረጃ ቀጣሪው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይባል የነበረው ተቋም በዐዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴርነት ተመልሷል። ጀማሪ የሚገባው በረዳት ዐቃቤ ሕግነት ነው። ለመማሪያነት ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የምርመራ መዝገብ ታነባላችሁ፤ ያስከስሳል አያስከስስም ትላላችሁ፤ ክስ ታዘጋጃላችሁ፤ ምስክር ታሰማላችሁ። መዝገቡ ብዙ ነው፤ ደመወዙ ከባንክ ያንሳል። ከአለቃም ከተከሳሽ ቤተሰብም ጫና አለ፤ ይህን ሳታውቁ አትግቡ።

ፍርድ ቤት። የፌዴራል ዳኝነት ለአዲስ ተመራቂ የሚከፈት ወንበር አይደለም። ዳኛ የሚሾመው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ተመልምሎ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርቦ፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጀማሪ የሚገባው በሬጅስትራርነት፣ በሕግ ጥናት ክፍል ወይም ማስታወቂያ ሲወጣ በረዳት ዳኝነት ነው። ክልሎች ግን ለወረዳ ፍርድ ቤትና ለወረዳ ዐቃቤ ሕግ እጩ መልምለው በራሳቸው ማሠልጠኛ ያሳልፋሉ፤ የኦሮሚያው አዳማ፣ የአማራው ባሕር ዳር ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወረዳ መሥራት ብዙ ሰው ይሸሻል። እኔ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ውርስ፣ የገጠር መሬት፣ ፍቺ፣ ግድያና ስርቆት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያዩት ወረዳ ላይ ነው እላለሁ። ከተማ ላይ ከእነዚህ አንዱን ብቻ እያዩ ዐምስት ዓመት ይሞላል።

የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ነው። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ወንጀል የምትወዱ ይህን በር አትርሱ።

ባንክ። አሁን ብዙ ተመራቂ የሚመኘው ይህንን ነው። ደመወዙም ጥቅማ ጥቅሙም ይስባል። የባንክ ነገረ ፈጅ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ሠራተኛ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው በምን መሰላችሁ? ለብድር የቀረበውን ካርታ ይመረምራል። ባለቤቱ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ መኖሩን ያያል። ቤቱን በውክልና የሚያስይዝ ሰው ከመጣ ውክልናው ልዩ ሥልጣን መያዙን ያረጋግጣል፤ ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስያዝ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2205 ተመልከቱ። የመያዣ ውሉን ያዘጋጃል፤ ያስመዘግባል። ተበዳሪው ካልከፈለ በዐዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ይሸጣል። ከዚያ ተበዳሪው ይከሳል፤ ነገረ ፈጁ ችሎት ይቆማል። ሙሉውን ሰንሰለት ካያችሁት ምርጥ ትምህርት ነው። ችግሩ በትልልቅ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ሥራው ተከፋፍሎ መሆኑ ነው። ውል ክፍል የገባ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ የመያዣ ውል ላይ ስም እየቀየረ ሊቆይ ይችላል። ስትገቡ ወደ ክርክር ክፍል መቼ እንደምትዘዋወሩ ጠይቁ።

ኢንሹራንስ ከባንክ ያነሰ ስም አለው፤ ክርክሩ ግን ይበዛል። የመኪና አደጋ፣ የካሳ መጠን፣ ከፍሎ ደግሞ ጥፋቱን ካደረሰው ሰው ገንዘቡን ማስመለስ። ችሎት መቆም ለሚወድ ሰው ከባንክ አስቀድሜ እመርጥለታለሁ።

የጠበቃ ቢሮ። ማስታወቂያ እምብዛም አያወጣም። የሚገኘው በሰው በሰው ነው፤ ወይም በር አንኳኩቶ። ደመወዙ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ የትራንስፖርት ብቻ ይሰጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ክስና መልስ እኔ እጽፋለሁ ወይስ መዝገብ ቤት ብቻ ነው የምመላለሰው? የጻፍኩትን ማን ያርምልኛል? የቅጥር ውልና የሥራ ልምድ ደብዳቤ አገኛለሁ? ሦስተኛው ላይ የሚያቅማማ ካለ ሌላ በር ፈልጉ። ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ። ውልና ማስረጃ የምንለው ነው። በቀን የሚያልፈው ውክልናና ውል ብዛት ዓይን ያሠለጥናል። የተጭበረበረ ሰነድ ምን እንደሚመስል ከዚያ የወጣ ሰው ያውቃል። ክርክር ግን የለም።

ገቢዎችና ጉምሩክ። ታክስ ደረቅ ነው ብሎ የሚሸሸው ስለሚበዛ የሚያውቀው ሰው ተፈላጊ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ውስጡ ሠርቶ የወጣ ሰው ነጋዴው ፈልጎ ይመጣበታል።

ሲቪል ማኅበራትና የመብት ተቋማት። የ2001 ዓ.ም. ዐዋጅ ከገቢያቸው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙትን ድርጅቶች ከመብት ሥራ አግዷቸው ነበር። ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን አንሥቷል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሥራ እየፈለጉ በጎን እዚያ ማገልገል ከቤት ከመቀመጥ በብዙ ይሻላል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የሕግ ባለሙያ ይቀጥራል። የፕሮጀክት ቅጥር ግን ገንዘቡ ሲያልቅ እንደሚያልቅ ታውቆ ይገባል።

ዩኒቨርሲቲ። ነጥባችሁ በጣም ከፍ ያለ ከሆነና ማስተማር ከወደዳችሁ በረዳትነት ማመልከት ይቻላል። በሩ ከበፊቱ ጠብቧል።

ከሕግ ክፍል ውጭ። በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በግዥ፣ በሪል ስቴት ሽያጭ ውል፣ በባንኮች የሕግ ተገዢነት ክፍል የሚሠራ የሕግ ተመራቂ ብዙ ነው። ሐዋሳን የመሰለ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ የሰው ኃይል ባለሙያ ዋጋ አለው። ወደ ጥብቅና መመለስ ካሰባችሁ ግን የሥራ መደቡ ስም ይወስናል፤ «የሕግ ባለሙያ» ወይም «ነገረ ፈጅ» ካላለ ልምዱ በሕግ ሙያ ላይቆጠር ይችላል።

የት ይገኛል ካላችሁ፣ የመንግሥቱ አዲስ ዘመን ላይ፣ የግሉ ሪፖርተር ላይ፣ ኢትዮጆብስ ላይና በየቴሌግራም ቻናሉ። ፍርድ ቤትና ክፍለ ከተማ ደግሞ አንዳንዴ ማስታወቂያውን ሰሌዳ ላይ ብቻ ይለጥፋሉ። «ቅጥሩን አስጨርስልሃለሁ፣ ይህን ያህል አምጣ» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘቡን በላ ማለት ነው። ሕግ የተማረ ሰው በዚህ ሲታለል ያሳፍራል፤ ግን ይታለላል።

ደረጃ 5፦ ፈተናና ቃለ መጠይቅ

የጽሑፍ ፈተናው ከቦታ ቦታ ቢለያይም የሚመላለሱ ነገሮች አሉ። ባንክ ከሆነ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ቼክ ይመጣል። አዲሱን የንግድ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1243/2013ን፣ ካላነበባችሁ አትግቡ፤ ስለ ንግድ ማኅበራት ተጠይቆ በ1952ቱ ሕግ የሚመልስ ተፈታኝ ወዲያው ይለያል፤ የቼክ ድንጋጌዎች ግን አሁንም ያሉት በ1952ቱ ሕግ ውስጥ ነው። ዐቃቤ ሕግ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23፣ ማለትም የወንጀል ሦስቱ ፍሬ ነገሮች፣ ይቀርባል። አንቀጽ 539ን (ከባድ ግድያ) ከ540 (ተራ ግድያ) መለየት፣ ስርቆትን ከእምነት ማጉደል፣ ማታለልን ከደረቅ ቼክ መለየት፣ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበት የ48 ሰዓቱ ደንብ፣ ዋስትና የሚከለከልባቸው ምክንያቶች። የግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ውል ማቋረጥ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ይርጋ እንደሚታገድ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

የክስ ሁኔታ ተሰጥቶ «አስተያየት ስጥ» ሲባል በአራት ክፍል ጻፉ። ፍሬ ነገሩ በሦስት መስመር፣ ጭብጡ በጥያቄ መልክ፣ ሕጉ ከነአንቀጹ፣ መደምደሚያው በግልጽ። ፈታኙ መቶ ወረቀት ነው የሚያርመው። መልሱ አራተኛው ገጽ ላይ የተቀበረ ተፈታኝ ነጥብ አያገኝም። አንቀጹን በትክክል ካላስታወሳችሁ ቁጥር አትፍጠሩ፤ የሕጉን ሐሳብ ጻፉ። የተሳሳተ ቁጥር ካልተጻፈ ቁጥር ይበልጥ ይጎዳል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ሕግ ተማርክ?» ለሚለው «ለፍትሕ ያለኝ ፍቅር» የሚለውን መልስ ሁሉም ሰው ሰምቶ ጠግቧል። ያየኸውን አንድ ጉዳይ ተናገር። ደንበኛው ማን ነበር፣ ጥያቄው ምን ነበር፣ አንተ ምን ጻፍክ፣ ምን ሆነ። ስም ሳትጠራ፣ ምሥጢር ሳታወጣ። ስም ጠርተህ ከተናገርክ ጠያቂው የራሱም ምሥጢር እንዲሁ እንደሚወጣ ነው የሚያስበው።

ደረጃ 6፦ ልምዱን ማስመዝገብና ፈቃዱ

ብዙ ሰው የሚያልመው ጥብቅና ነው። ያለ ፈቃድ በገንዘብ ጥብቅና መሥራት ግን ሕገወጥ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 58 ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእህት ወኪል ሆኖ መቅረብን ይፈቅዳል። ስለዚህ የእናታችሁን ጉዳይ መያዝ ትችላላችሁ፤ የጎረቤትን አስከፍላችሁ መያዝ አትችሉም።

የፌዴራሉ ሕግ ዐዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ሦስት ነገር ቀይሯል። ጠበቆች አንድ ላይ ሆነው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ ከዚያ በፊት ፈቃዱ በግለሰብ ስም ብቻ ነበር። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቋመ። የፈቃድ አሰጣጡንና የዲሲፕሊን ሥርዓቱን እንደ አዲስ ደነገገ። ለፈቃዱ የሕግ ዲግሪ፣ በሕግ ሙያ የተሠራ ልምድና ፈተና ይጠየቃል። መስፈርቱን ከሰው አፍ አትውሰዱ፤ ዐዋጁን አውርዳችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ሕግ የተማረ ሰው የራሱን ፈቃድ ሕግ ሌላ ሰው እንዲያነብለት አይጠብቅም። የክልል ፍርድ ቤት ላይ ለመቆም የየክልሉ ፈቃድ ለብቻው ነው።

ችግር የሚመጣው ልምዱ ላይ ነው። ሰው ሦስት ዓመት ይሠራና ማስረጃ የለውም። የልምድ ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡ ስም፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ ደመወዙ ይጻፍ። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ሲሆን የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማስረጃ ይጠየቃል። በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ፔሮል የተከፈለው ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ከቢሮው የወጣችሁ ዕለት ሳይሆን ገና ሥራ ላይ እያላችሁ ደብዳቤውን ጠይቁ። ጠበቃው ሊሞት፣ ድርጅቱ ሊዘጋ፣ አለቃው ሊያኮርፍ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ሰው ያልሞላበትን ዘርፍ መምረጥ

ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ነው ይህ የሚነሳው፤ ከዚያ በፊት ስፔሻላይዝ አደርጋለሁ ማለት ባዶ ነው። ቤተሰብ፣ ውርስና ቤት ክርክር ሁሌም ይኖራል፤ ጠበቃውም ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት የወጡ ሕጎች ግን አዲስ ሥራ ከፍተዋል። የካፒታል ገበያ ዐዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ ሁሉ የሕግ ሰው ያስፈልገዋል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባንኮችንና የቴክኖሎጂ ድርጅቶችን ይመለከታል፤ በደንብ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው። በግልግል ዳኝነት በኩል ዐዋጅ ቁጥር 1237/2013 አለ፤ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒው ዮርክ ኮንቬንሽን ተቀብላለች። ትልልቅ የኮንስትራክሽን ውሎች ክርክራቸው ወደዚያ ነው የሚሄደው። ለውጭ ባንኮች በሩ መከፈቱም ይታከልበት።

ማስተርስ እዚህ ላይ ነው ቦታው። ሥራ ስላጣሁ ማስተርስ ልቀጥል የሚለውን ሐሳብ አልወደውም። ልምድ የሌለው ማስተርስ ያዢ ለ«0 ዓመት»ም ለ«5 ዓመት»ም አይሆንም። ሠርታችሁ የምትፈልጉትን ካወቃችሁ በኋላ ታክስ ወይም ንግድ ሕግ ብትሉ ትርጉም አለው።

ውጭ አገር ላላችሁ

የኢትዮጵያ ዲግሪ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የኒው ዮርክ ደንብ በውጭ አገር ሕግ የተማረ ሰው በአሜሪካ እውቅና ባለው የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ሠርቶ ለባር ፈተና (ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና) የሚቀመጥበትን መንገድ ከፍቷል። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ መንገድ አላት። ክፍያው ከባድ ስለሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ትራንስክሪፕታችሁን ለኒው ዮርክ የባር ፈታኞች ቦርድ ልካችሁ ብቁ መሆናችሁን በጽሑፍ አስወስኑ። ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል ቀድማችሁ ጀምሩ።

ከዚያ በፊትም የሚሠራ አለ። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እውቅና በሰጣቸው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ውስጥ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ፈቃድ አግኝቶ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ደንበኛ መወከል ይችላል። አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ ሰው በዋሽንግተን አካባቢ ለዚህ ይፈለጋል። የፍርድ ቤት አስተርጓሚነትም አለ። ግን «አገር ቤት ጠበቃ ነበርኩ» ብሎ ያለ ፈቃድ የጥገኝነት ማመልከቻ እያስከፈሉ መጻፍ እዚያም ወንጀል ነው፤ የሚጎዳውም ወረቀቱ የተበላሸበት ወገን ነው። እንዲህ የሚሠራ ሰው «አብረን እንሥራ» ቢላችሁ የድርጅቱን እውቅና የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁት። ዝርዝሩ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በይፋ ስለሚወጣ ስሙ መኖሩን እዚያው ማጣራት ትችላላችሁ።